የወጣት ሆኪ ተጫዋቾች ሁለተኛ ውል በምን ይመዘን?

በሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) አንድ ወጣት ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉን ጨርሶ ሁለተኛውን በፈረመ ቁጥር የሚነሣው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። ጋዜጠኛውም ደጋፊውም፣ አንዳንድ ጊዜም ተመራማሪው፣ የአዲሱን ውል ዓመታዊ አማካይ ክፍያ ወስዶ ከእርሱ ቀደም ብሎ ከፈረመ እኩያው ክፍያ ጎን ያስቀምጠዋል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ስግብግብ፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ለቡድኑ አሳቢ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ማነጻጸሩን አይቃወምም፤ የሚቃወመው ምን ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ሳይለዩ ፍርድ መስጠትን ነው። ሁለተኛው ውል የችሎታ ዋጋ ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ ወደ ሌላ ክለብ መሄድ የማይችልባቸውን ዓመታትና መሄድ ይችልባቸው የነበሩትን ዓመታት በአንድ ፊርማ ጠቅልሎ የሚሸጥበት ሰነድ ነው። የሁለቱን ዓይነት ዓመታት ብዛት ሳይለዩ ሁለት ውሎችን ማወዳደር፣ ጤፍና ገብስ በተለያየ መጠን የተቀላቀለባቸውን ሁለት ኩንታሎች በሚዛን ብቻ አይቶ ዋጋቸውን እንደ መቁረጥ ይሆናል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ ገንዘቡም በአሜሪካ ዶላር ነው።

የአውሮፓ እግር ኳስን ለሚከታተል አንባቢ የሆኪው ሥርዓት መጀመሪያ ላይ እንግዳ መምሰሉ አይቀርም። በአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ1995 በቦስማን ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ፈለገው ክለብ ይሄዳል። በኤንኤችኤል ግን የውል ማለቅና የተጫዋች ነጻ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜው የሚፈርም ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ የሦስት ዓመት ነው፤ ደመወዙም በኅብረት ስምምነቱ ከተቆረጠ ጣሪያ አያልፍም። ሦስቱ ዓመታት ሲያልቁ ውሉ ያበቃል፤ ክለቡ በተጫዋቹ ላይ ያለው መብት ግን አያበቃም። ተጫዋቹ ሙሉ ነጻነት የሚያገኘው 27 ዓመት ሲሞላው ወይም በሊጉ ሰባት የሚቆጠሩ የውድድር ዘመናት ሲያሟላ ነው። በመሆኑም በ18 ዓመቱ የጀመረ ተጫዋች ከመጀመሪያው ውል በኋላ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። እነዚህን በዚህ ጽሑፍ «የግዴታ ዓመታት»፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡትን ደግሞ «የነጻነት ዓመታት» እላቸዋለሁ።

በግዴታ ዓመታት ውስጥ ያለ ተጫዋች ምን የመደራደሪያ ኃይል አለው? ሌላ ክለብ ውል ሊያቀርብለት ይችላል፤ የራሱ ክለብ ግን በሰባት ቀን ውስጥ ያንኑ ውል ተቀብሎ ሊያስቀረው መብት አለው። ሳያስቀረው ቢቀር በክፍያው መጠን የሚወሰን የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ተራ እንደ ካሣ ይሰጠዋል። በ2019 ሞንትሪያል ለካሮላይናው ሰባስቲያን አሆ የአምስት ዓመት ውል ሲያቀርብ ካሮላይና ያለ ብዙ ማንገራገር ተቀብሎ ተጫዋቹን አስቀርቷል። ክለቡ ሳያስቀር የቀረባቸው አጋጣሚዎች አሉ፤ በ2024 ሴንት ሉዊስ ከኤድመንተን ሁለት ወጣቶችን በአንድ ቀን የወሰደበት ከእነዚህ አንዱ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ ብዙም የተረገጠ አይደለም። የግልግል ዳኝነት የመጠየቅ መብትም በ18 እና በ20 ዓመት መካከል ለፈረመ ሰው አራት የሙያ ዓመታት ሳይሞላው አይመጣም። ስለዚህ ሦስት ዓመት ብቻ የተጫወተው ኮከብ ሁለተኛ ውሉን ሲደራደር ገበያም ዳኛም የለውም። የቀረው አልጫወትም ማለት ነው፤ ለዚያም እስከ ታኅሣሥ 1 ካልፈረመ የዚያን ዓመት ውድድር ሙሉ በሙሉ ያጣል። የቶሮንቶው ዊሊያም ኒላንደር በ2018 እስከዚያች የመጨረሻ ቀን ጠብቆ በስድስት ዓመት ውል ፈረመ፤ ዘግይቶ በገባበት በዚያ የውድድር ዘመን በ54 ጨዋታ 27 ነጥብ ብቻ በማስመዝገቡም ብዙ ተወቅሷል። (በሆኪ «ነጥብ» ተጫዋቹ ያስቆጠራቸውና ለግብ ያመቻቻቸው ድምር ነው።) ያው ተጫዋች በ2024 መጀመሪያ ከዚያው ክለብ ጋር የስምንት ዓመት የ92 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል።

ሁለተኛው መለኪያ የደመወዝ ጣሪያ ነው። የ2004-05 የውድድር ዘመን በአሠሪዎች ሥራ መዝጋት ምክንያት ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ፣ እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾች የሚከፍለው ጠቅላላ ገንዘብ በ39 ሚሊዮን ዶላር ተገደበ። ጣሪያው በ2007-08 50.3 ሚሊዮን፣ በ2018-19 79.5 ሚሊዮን፣ በ2025-26 ደግሞ 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። ክለቡ ለአንድ ተጫዋች የሚሰጠው ዶላር ለሌላው ሊሰጠው የማይችለው ዶላር ስለሆነ፣ ውል የሚመዘነው ከጣሪያው በወሰደው ድርሻ ነው። ይህን ብዙዎች ይስማሙበታል። የሚረሱት የዓመታቱን ዓይነት ነው።

ሲድኒ ክሮስቢና ኦስተን ማቲውስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ሁለቱም የመሃል አጥቂዎች ናቸው፤ ሁለቱም በየዓመታቸው ከአዳዲስ ተጫዋቾች ሁሉ በመጀመሪያ የተመረጡ ናቸው። ሁለቱም ሁለተኛ ውላቸውን ለአምስት ዓመት ፈረሙ፤ ማለትም ሁለቱም አራት የግዴታ ዓመትና አንድ የነጻነት ዓመት ሸጡ። ክሮስቢ በ2007 በዓመት 8.7 ሚሊዮን፣ ማቲውስ በ2019 መጀመሪያ በዓመት 11.634 ሚሊዮን ተስማሙ። በዶላር ሲታይ ማቲውስ በሦስት ሚሊዮን ገደማ ይበልጣል። በተፈረሙበት ዓመት ጣሪያ ሲካፈል ግን የክሮስቢ 17.3 በመቶ፣ የማቲውስ 14.6 በመቶ ነው። ማቲውስ የክሮስቢን ድርሻ ቢጠይቅ ኖሮ ክፍያው ወደ 13.75 ሚሊዮን በተጠጋ ነበር። ክሮስቢ ሲፈርም ገና በ19 ዓመቱ 120 ነጥብ አስመዝግቦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ስለነበር ልዩነቱ ተገቢ ነው ሊባል ይችላል፤ እኔም እንዲያ አምናለሁ። ነገር ግን የማቲውስን ውል የወጣቶች ስግብግብነት መጀመሪያ አድርጎ ማቅረብ፣ ከእርሱ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ዕቃ በበለጠ ዋጋ መሸጡን መርሳት ነው።

በተቃራኒው በኩል ሁልጊዜ የሚጠራው የኮሎራዶው ናታን ማኪነን ነው። በ2016 ለሰባት ዓመት፣ በዓመት 6.3 ሚሊዮን ፈረመ፤ በወቅቱ ከነበረው የ73 ሚሊዮን ጣሪያ 8.6 በመቶ መሆኑ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ የኤድመንተኑ ኮነር ማክዴቪድ ለስምንት ዓመት 12.5 ሚሊዮን ሲስማማ ድርሻው ከ75 ሚሊዮን 16.7 በመቶ ሆነ። ማኪነን በዚያ ደመወዝ ሳለ በ2022 የስታንሊ ዋንጫን ስላነሣ፣ ውሉ ለቡድን የመሠዋት አብነት ተደርጎ ይነገራል። ይህ በእኔ እይታ ታሪክን ከኋላ ወደፊት ማንበብ ነው። ማኪነን በፈረመበት ዓመት በ72 ጨዋታ 52 ነጥብ ያስመዘገበ፣ ተስፋው ገና በሙሉ ያልተገለጠ ተጫዋች ነበር፤ ከፈረመም በኋላ ባለው ዓመት ያስመዘገበው 53 ነጥብ ነው። ወደ 97 ነጥብ የዘለለው በ2017-18 ነው። ስለዚህ የፈረመው ባሳየው ልክ የተቆረጠ ውል ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ማክዴቪድ ግን ሲፈርም በ100 ነጥብ ሊጉን መርቶ የምርጥ ተጫዋችነቱን ሽልማት በእጁ ይዞ ነበር። ከማኪነን ውል ውስጥ በእርግጥ በርካሽ የተሸጠው ክፍል መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት የነጻነት ዓመታት ናቸው፤ ዋንጫውም የመጣው ከእነዚሁ በአንዱ ነው። በመስከረም 2022 የፈረመው ቀጣይ ውል በዓመት 12.6 ሚሊዮን መሆኑ የነዚያ ዓመታት የገበያ ዋጋ ምን ያህል እንደነበር ይጠቁማል።

ስለ ስግብግብነት የሚሰጠው ፍርድ ራሱ ሊፈተሽ ይገባዋል። ከ2012-13ቱ ሥራ መዝጋት በኋላ በተፈረመው ስምምነት የተጫዋቾች ጠቅላላ ድርሻ ከሊጉ የሆኪ ገቢ 50 በመቶ ሆኖ ተወስኗል፤ ቀድሞ 57 በመቶ ነበር። ከደመወዛቸው እየተቀነሰ በአደራ የሚያዝ ገንዘብ አለ፤ የተጫዋቾች ክፍያ ከተወሰነው ድርሻ ካለፈ ትርፉ ከዚያ ላይ ለባለቤቶች ይመለሳል። እንግዲህ አንድ ኮከብ ብዙ ሲጠይቅ የሚጎዳው በአብዛኛው የክለቡ ባለሀብት ሳይሆን የልብስ መቀየሪያ ክፍል የሚጋራው ባልደረባው ነው፤ በተለይም በ2024-25 ዝቅተኛው ደመወዝ 775,000 ዶላር በሆነበት ሊግ ከመጨረሻው እርከን ላይ የሚገኘው ተጫዋች። በወጣት ኮከቦች ላይ ከሚቀርቡት ክሶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ከሳሾቹ ግን እምብዛም አያነሡትም። የሚያነሡት የባለቤቱን ችግር ነው።

ይሁንና ክሱ ሌላ ገጽ አለው። የጠቅላላው ድርሻ የተወሰነ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ውልና በግዴታ ዓመታት ከወጣቱ የሚቀረው ገንዘብ የትም አይጠፋም፤ ወደ 27 ዓመት ደርሰው ነጻ ወደ ሆኑት አንጋፎች ይሄዳል። የሆኪ ተጫዋች ጉልበት በአብዛኛው በሃያዎቹ ዕድሜ መካከል ላይ ከፍተኛው ደረጃ ይደርሳል፤ ክፍያው ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዕድሜ ለሰጠው ይህ ብድር ነው፤ በጉዳት ምክንያት በ25 ዓመቱ የሚሰናበተው ግን አበድሮ ሳይመለስለት የሚቀር ነው። ሁለተኛ ውል የዚህን ብድር ከፊል አስቀድሞ የማስመለስ ሙከራ አድርጌ ነው የማየው።

የዓመታቱን ዓይነት መለየት ግን ተጫዋቹን ሁልጊዜ ነጻ አያወጣም። በመስከረም 2019 የቶሮንቶው ሚች ማርነርና የታምፓው ብሬደን ፖይንት በአሥር ቀናት ልዩነት ፈረሙ። በቀደመው የውድድር ዘመን ማርነር 94፣ ፖይንት 92 ነጥብ አስመዝግበዋል። ማርነር ለስድስት ዓመት በዓመት 10.893 ሚሊዮን፣ ፖይንት ለሦስት ዓመት በዓመት 6.75 ሚሊዮን አገኙ። ከ81.5 ሚሊዮን ጣሪያ የአንዱ ድርሻ 13.4 በመቶ፣ የሌላው 8.3 በመቶ ነው። ችኩሉ ንጽጽር እዚህ ላይ ይቆማል። ፖይንት ግን የሸጠው ሦስት የግዴታ ዓመት ብቻ ነው፤ ማርነር አራት የግዴታና ሁለት የነጻነት ዓመት ሸጧል። በተጨማሪም የፖይንት ደመወዝ በሦስቱ ዓመታት 5.25፣ 6 እና 9 ሚሊዮን ሆኖ ነው የተደለደለው። በወቅቱ ደንብ ክለቡ መብቱን ይዞ ለመቆየት ቢያንስ የመጨረሻውን ዓመት ደመወዝ ማቅረብ ስለነበረበት፣ ያች 9 ሚሊዮን ለአራተኛው ዓመት የተቀበረች ዋስትና ነበረች። አማካዩ ይህን ይደብቃል። (በ2020 የተሻሻለው ስምምነት የማቆያውን መጠን ከውሉ አማካይ 120 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ ይህን ብልሃት አጥቦታል።)

እንግዲህ የማርነርን አራት የግዴታ ዓመታት በፖይንት ዋጋ፣ አራተኛውንም በ9 ሚሊዮን እናስላ፤ ድምሩ 29.25 ሚሊዮን ይሆናል። ከማርነር ጠቅላላ ውል ከ65.358 ሚሊዮን ሲቀነስ 36.1 ሚሊዮን ይተርፋል፤ ይህ ለሁለቱ የነጻነት ዓመታት ሲካፈል በዓመት ከ18 ሚሊዮን በላይ ነው። በሊጉ ደንብ አንድ ተጫዋች ከጣሪያው ከ20 በመቶ በላይ ሊወስድ አይችልም፤ የ81.5 ሚሊዮን 20 በመቶ ደግሞ 16.3 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ የዓመታቱ ዓይነት ልዩነቱን በከፊል እንጂ በሙሉ አያስረዳም፤ ማርነር በድርድር ከእኩያው በእርግጥ የበለጠ አግኝቷል። ምናልባት ፍሎሪዳ የግዛት የገቢ ግብር የሌላት፣ የኦንታሪዮ ከፍተኛው የገቢ ግብር መጣኝ ግን ከ50 በመቶ በላይ መሆኑ ጥቂት ያስረዳ ይሆናል። የቀረው በዚያው ዓመት በዚያው ክለብ ማቲውስ የፈረመው ውል ያመጣው ይመስለኛል።

ይህ ወደ ዋናው ችግር ያደርሰናል። የውል ድርድር በሆኪ የሚካሄደው በእኩያ ምሳሌ ነው፤ ወኪሉ ከፍ ያለውን፣ ክለቡ ዝቅ ያለውን እኩያ ይጠራል። ትናንት የተሠራ ስሕተትም ነገ ማስረጃ ይሆናል። ኤድመንተን በ2012 ከቴይለር ሆል ጋር ለሰባት ዓመት፣ ከጆርዳን ኤበርሊ ጋር ለስድስት ዓመት፣ በ2013 ደግሞ ከራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስ ጋር ለሰባት ዓመት ተፈራረመ፤ ሦስቱም በዓመት 6 ሚሊዮን። ሦስቱ በችሎታቸው፣ በሚጫወቱበት ቦታና ባስመዘገቡት ውጤት እኩል አልነበሩም። የመጀመሪያው ቁጥር ለሁለተኛው፣ ሁለቱ ለሦስተኛው መለኪያ የሆኑ ይመስላል። ክለቡ በ2016 ሆልን ለአንድ ተከላካይ ለወጠው፤ ሆል በ2018 በኒው ጀርሲ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። አንድ ዓይነት ዋጋ የተለጠፈበትን ዕቃ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ማመን ምን እንደሚያስከፍል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የግልግል ዳኝነቱም ቢሆን ከዚህ ክብ አያወጣም። በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ሙሉ ነጻነት ያገኙ ተጫዋቾች የፈረሟቸው ውሎች በግልግል ችሎቱ ፊት እንደ ንጽጽር ማስረጃ ሊቀርቡ አይችሉም። ገደብ ያለበት ተጫዋች የሚመዘነው ገደብ ባለባቸው ተጫዋቾች ብቻ ነው። ውድድር በሌለበት የተቆረጠ ዋጋ፣ ውድድር በሌለበት ለሚቆረጠው ዋጋ ምስክር ይሆናል። ደንቡን ያወጡት ሁለቱም ወገኖች በመሆናቸው ሕጋዊነቱን አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ከዚህ ችሎት የሚወጣን ቁጥር «የገበያ ዋጋ» ብለው የሚጠሩ ጸሐፊዎችን ነው።

የነጻነት ዓመት ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ጉዳይ ልጨምር። አንድ የውድድር ዘመን ወደ ነጻነት የሚቆጠረው ተጫዋቹ ለ40 ጨዋታዎች በክለቡ ዝርዝር ላይ ሲገኝ ነው። ኤድመንተን ሊዮን ድራይዛይትልን በ2014-15 ለ37 ጨዋታዎች ካሰለፈው በኋላ ወደ ወጣቶች ሊግ መለሰው። የክለቡ ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ ውጤቱ የመጀመሪያ ውሉ አንድ ዓመት ሲያልቅ የነጻነት ቆጠራው ግን አለመጀመሩ ነው። ስለዚህ በ2017 በዓመት 8.5 ሚሊዮን የፈረመው የስምንት ዓመት ውል የያዘው አምስት የግዴታና ሦስት የነጻነት ዓመት ነው፤ የማክዴቪድ የስምንት ዓመት ውል ግን አራት ለአራት። በአንድ ክረምት፣ በአንድ ክለብ፣ ለአንድ ዓይነት ዘመን የተፈረሙ ሁለት ውሎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

አጭሩ ውል፣ ማለትም በሊጉ ቋንቋ «ድልድይ» የሚባለው፣ አደጋውን ወደ ተጫዋቹ ያዛውራል። የሞንትሪያሉ ተከላካይ ፒ.ኬ. ሱባን በጥር 2013 ለሁለት ዓመት በድምሩ 5.75 ሚሊዮን ብቻ ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ በ2014 የስምንት ዓመት የ72 ሚሊዮን ውል ፈረመ። ድልድዩን በሰላም የተሻገረ ሰው ታሪክ ስለሆነ ደጋግሞ ይነገራል። መሃል ላይ ጉልበቱ የተጎዳው ስም ግን በንጽጽር ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም፤ ሦስተኛ ውል የለውምና።

በዚህ መስክ ለሚጽፉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ በሠንጠረዣቸው ላይ ሦስት ዓምዶችን እንዲጨምሩ ነው፤ በፊርማው ዓመት የነበረውን የጣሪያ ድርሻ፣ የተሸጡትን የግዴታ ዓመታትና የተሸጡትን የነጻነት ዓመታት። ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው ጣሪያው በፍጥነት እያደገ ስለሆነ ነው፤ ለ2026-27 104 ሚሊዮን፣ ለ2027-28 113.5 ሚሊዮን ተብሎ ታውጇል። የኒው ጀርሲው ጃክ ሂዩዝ በ2021 መጨረሻ ለስምንት ዓመት 8 ሚሊዮን ሲፈርም ድርሻው 9.8 በመቶ ነበር፤ በ2027-28፣ ከሸጣቸው አራት የነጻነት ዓመታት በሁለተኛው ላይ፣ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። በ2025 የጸደቀው አዲሱ የኅብረት ስምምነት ክለብ ከራሱ ተጫዋች ጋር የሚፈራረመውን ረጅሙን ውል ከስምንት ዓመት ወደ ሰባት ያሳጥራል። ይህ በ18 ዓመቱ ለጀመረ ኮከብ ክለቡ በሁለተኛው ውል አስቀድሞ ሊገዛ የሚችለው የነጻነት ዓመት ከአራት ወደ ሦስት ይቀንሳል ማለት ነው። ለዚያች ለቀረችው አንድ ዓመት ክለቦቹ ምን ያህል ይከፍሉ እንደነበር ማስላት የሚቻለው ከ2026 በፊትና በኋላ የሚፈረሙት ውሎች በእነዚህ ዓምዶች ተለይተው ሲመዘገቡ ነው።